ሹካው

ከጋይንት ዘመድ ሲመጣ የት ነው የሚጋበዘው? የፍስክ ወቅት ከሆነ ችግር የለም፤ ሥጋ ቤት ሞልቷል፣ ክትፎ ቤት ሞልቷል። ጾም ሲሆን ነው ጣጣው። "በያይነቱ እንብላ" ቢሏቸው በያይነቱማ ቤታቸውም አለ።

በ2012 ዓ.ም የነቢያት ጾም አጎቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከነፋስ መውጫ መጥተው እኔ ቤት ሰነበቱ። ሕክምናው በደህና አለቀ። ከመመለሳቸው በፊት አንድ ቀን ውጪ ልጋብዛቸው ፈልጌ "ጋሼ፣ ምን ያምርዎታል?" አልኳቸው።

"እዚህ ከተማ የሕንድ ምግብ ይሸጣል አሉ። እሱን ብቀምስ ደስ ይለኛል።"

ጋይንትና ሕንድ ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በጋይንት፣ በጨጨሆ አስጎትተው መቅደላ ባወጡበት በ1860 ዓ.ም፣ ከወዲያ በኩል የመጣባቸው የናፒየር ጦር ከቦምቤይ የተነሣ፣ ሕንዳውያን ወታደሮችና ዝሆኖች ያሉበት ጦር ነበር። መልካም ትውውቅ አልነበረም። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ሕንዶች ጠመኔ ይዘው መጡ። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት የውጭ አገር መምህራን ብዙዎቹ ሕንዶች ነበሩ፤ በተለይም ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ የመጡት።

አጎቴ በ1964 ዓ.ም ደብረ ታቦር ሲማሩ ለአንድ የኬረላ ሰው፣ ለሒሳብ አስተማሪያቸው፣ ውኃ ይቀዱ ነበር። ሰውየው ክርስቲያን ናቸው። የዚያ አገር የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለእኛዋ እኅት ናት፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1957 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በጠሩት የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ተገኝታለች። እናም አስተማሪው ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። በጾም ቀን ሩዝና ምስር ይቀቅሉና፣ ቅመሙን በኑግ ዘይት አቁላልተው ከላይ ያፈሱበታል። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው በቀኝ እጃቸው እየጠቀለሉ ይበላሉ።

"ፈረንጅ ናቸው ብለን ስንፈራቸው እንደ እኛው በእጃቸው ሲበሉ አየሁ። 'ና ብላ' አሉኝ፤ በላሁ። ያ ጣዕም እስከዛሬ ከአፌ አልጠፋም" አሉኝ አጎቴ።

ይሄን ሰምቶ እንቢ የሚል የለም። ቦሌ አካባቢ ካሉት የሕንድ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ይዣቸው ሄድኩ። ስሙን ልተወው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ እንደ ወፍ የታጠፈ ናፕኪን፣ ሦስት ዓይነት ሹካ። ሜኑው ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው።

"የጾም ምን አላችሁ?" አልኩት አስተናጋጁን።

"ቬጀቴሪያን የሚለው ገጽ በሙሉ ጾም ነው ጌታዬ።"

"ይሄ ፓኒር የሚለውስ?"

"እሱ የአኩሪ አተር ነገር ነው።"

እኔም አዋቂ ነኝና ዳል፣ ፓላክ ፓኒር፣ አሉ ጎቢ እና ናን የሚሉትን ዳቦ አዘዝኩ። አጎቴ የአስተማሪያቸውን አገር ምግብ ሲገልጹልኝ፣ ሩዝና ምስር አስቡክተው ምጣድ ላይ የሚያሰፉት፣ የእንጀራ ዘመድ የሚመስል ነገር እንደነበረም ነግረውኝ ነበር። ዶሳ ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። "ቅዳሜና እሑድ ብቻ" ተባልኩ። ሜኑው ከሞላ ጎደል የሰሜን ሕንድ ነው። በዚህስ አልፈርድም፤ እኛስ ውጭ አገር "የኢትዮጵያ ምግብ" ብለን ስንከፍት መቼ የጋይንትን የገብስ እንጀራ አቀረብን?

አሉ ጎቢው ሲመጣ አጎቴ ጎንበስ ብለው አዩት። ድንችና አበባ ጎመን ነው። ዋጋውን ጠየቁኝ፤ ሳልዋሽ ነገርኳቸው።

"ድንች ልበላ ነው ከጋይንት ድረስ የመጣሁት? በዚህ ዋጋ እኮ ነፋስ መውጫ ገበያ ግማሽ ጆንያ ይሸመታል!" ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ናኑን ቆርሰው ዳሉን ጠቀስ አደረጉ። አስተናጋጁ እየሮጠ መጣ። ሹካውን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጎ "አባት፣ በሹካ ይጠቀሙ" አላቸው። በአጠገባችን ያሉት ዞር ብለው አዩን።

እኔ ምን አልኩ? "ተዋቸው፣ እንደፈለጉ ይብሉ" አልኩ? አላልኩም። ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ እዚህ እንኳ በሹካ ነው የሚበላው" አልኩ በሹክሹክታ። አጎቴ የቆረሱትን አስቀመጡ። ሹካውን እንደ እርፍ ጨብጠው ዳል ለማንሣት ሞከሩ። ዳል ማለት የምስር ወጥ ነው፤ በሹካ አይነሣም።

ቀና ስል ጥግ ላይ ያለ አንድ የሕንድ ቤተሰብ ታየኝ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች። አራቱም በእጃቸው ይበላሉ። እነሱን ማንም ሹካ አላቀበላቸውም። ለመሆኑ ሹካው የማን ሕግ ነው? የምግቡ ባለቤቶች በእጃቸው ይበላሉ፣ እኛ በእጃችን እንበላለን፤ አስተናጋጁም ቢሆን ቤቱ ሲገባ በእጁ ነው የሚበላው። ሁለት በእጅ የሚበሉ ሕዝቦች ቦሌ ላይ ሲገናኙ ሹካ በመሐላቸው የሚገባበት ምክንያት አልገባኝም። እኔስ ብሆን ለምን እንደታዘዝኩ አልገባኝም።

በዚህ ላይ ሌላ መጣ። አጎቴ ሹካውን አስቀምጠው አየሩን ሳብ ሳብ አደረጉ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ቅቤ ቅቤ አይልህም?"

አስተናጋጁን ጠራሁት። ወጥ ቤት ጠይቆ ተመለሰ። ዳሉ ላይ "ትንሽ ቅቤ ብቻ" አለበት። ናኑ እርጎ ገብቶበታል። ፓኒሩም አይብ ነው፤ አኩሪ አተር ወዴት!

እዚህ ላይ ሬስቶራንቶቹን በግልጽ መውቀስ አለብኝ። ሕንድ አገር ቬጀቴሪያን ማለት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለውም ማለት ነው። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን አይከለከልም፤ እንዲያውም ንጥር ቅቤ ክብር አለው። የእኛ ጾም ደግሞ መጀመሪያ የሚያባርረው ቅቤን ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ መሸጥ አገልግሎት አይደለም። ደንበኛውም ቢሆን መጠየቅ አለበት፤ በናን ፈንታ ዱቄትና ውኃ ብቻ የሆነውን ሮቲ ቅቤ ሳይቀባ፣ ዳሉንም በዘይት ብሎ ማዘዝ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ካበላሸሁ በኋላ ነው።

አጎቴ አልተቆጡም። "ይሁን፤ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ" አሉ። ይሄ ከቁጣ ይብሳል።

ስለ ጣዕሙ ከተጠየቅሁ፣ ዳሉ ጥሩ ነበር። ከሙኑ ይጣፍጣል፣ ምስሩም ልል ሆኖ በስሏል። ሽታው እንግዳ አይደለም፤ እርዱ፣ ድንብላሉ፣ አብሹ፣ ዝንጅብሉ የእናቶቻችን ሙቀጫ ውስጥ ያለው ነው። ቁንዶ በርበሬማ ትውልዱ እዚያው የአጎቴ አስተማሪ አገር፣ የማላባር ጠረፍ ነው። ድንቹ ግን ለፈረንጅ አፍ የተለዘበ፣ ሚጥሚጣ የናፈቀው ድንች ነው። ከነጉርሻው 900 ብር ከፍዬ ወጣን።

አጎቴ ታክሲ ውስጥ ብዙም አልተናገሩ። አንዴ ብቻ "ያ ሰውዬ በሕይወት ይኖሩ ይሆን?" አሉ፤ የምመልሰው አልነበረኝም።

ማታ ባለቤቴ የጾም ሽሮ በእንጀራ አቀረበች። ርቦን ነበር። እጄን ታጥቤ ልቆርስ ስል አጎቴ ክንዴን ያዙኝ።

"አንተ ልጅ፣ ሹካህን የት ጣልከው?"