ብርሃኑ ከመስኮት ሲመጣ፤ ስለ አፍሪካ አዳራሽ ፎቶግራፎች

የአፍሪካ አዳራሽን ረግጠው የማያውቁ ብዙ ሰዎች የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል እናውቃለን ይላሉ። አይዋሹም፤ የሚያውቁት ግን በፎቶግራፍ ነው። ተማሪው በመጽሐፉ፥ መምህሩ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሥዕል፥ ሹሙም በስልኩ አይቶታል። እንግዲህ ፎቶግራፉ ከተሳሳተ የብዙ ሰው ዕውቀት አብሮ ይሳሳታል ማለት ነው። ስለ ሠዓሊው ሳይሆን ስለ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ጥቂት ለመናገር የደፈርነው በዚህ ምክንያት ነው።

አርቱሮ መዜዲሚ የተባሉት ኢጣሊያዊ አርክቴክት የነደፉት ይህ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ ነው። መስታወቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፥ በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፥ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ሥዕሉ በሸራ ላይ ቢሆን ኖሮ ብርሃኑን ከፊቱ በተቀበለ ነበር። መስታወት ግን ከኋላው ተቀብሎ ወደ እኛ ያሳልፋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ሥዕሉ አብሮ ይተኛል።

ፍላሽ የሚያበሩ ሰዎች ይህን የዘነጉ ይመስለናል። ከፊት የተወረወረ ብርሃን ከመስታወቱ ላይ ነጥሮ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል እንጂ ቀለሙን አያወጣውም። ሌሎች ደግሞ በመስታወቱ ፊት የቆመውን እንግዳ ለማሳመር ብለው ብርሃኑን ለፊቱ ይለካሉ፤ እንግዳው ያምራል፥ ከኋላው ያለው ቀይና አረንጓዴ ግን እንደ ታጠበ ነጠላ ጥለት ይገረጣል። ለመስታወቱ የለኩትማ እንግዳውን ከሰል ያደርጉታል። እኛም አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን መስኮቱን ወደ ኋላ አድርገን በኅብረት ተነሥተን፥ ባልደረቦቻችንን በጆሯቸው ቅርጽ ለመለየት ተገደናል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የቀለም ነገር ነው። የቀትር ብርሃን በኬልቪን ሲለካ 5500 ገደማ ሲሆን፥ የቤት አምፑል ብዙውን ጊዜ ከ2700 እስከ 3000 ነው። ዓይናችን ሁለቱንም ነጭ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል፤ ካሜራ ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። ለአምፑሉ ቢያስተካክሉት ግድግዳው ይነጣል፥ የመስኮቱ ብርሃን ግን ወደ ሰማያዊ ያደላና የመስታወቱ ቢጫና ቀይ ሙቀታቸውን ያጣሉ። ለቀኑ ብርሃን ቢያስተካክሉት መስታወቱ እውነቱን ይይዛል፥ አምፑሉ ያረፈበት ግድግዳ ደግሞ ብርቱካን ይመስላል። ሁለቱን አስታርቃለሁ ብሎ መሐል ላይ የሚቆም ሁለቱንም ያበላሻል። የእኛ ፍርድ፥ ግድግዳው ይቢጭ! የመስታወቱን ቀለም የመረጡት ሠዓሊው ናቸው፤ አምፑሉን ግን የመረጠው ምናልባት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይሆናል።

የዛሬው ስልክ ሁለት ሦስት ጊዜ አንሥቶ ብሩሁንና ጨለማውን በራሱ ያዋሕዳል። ብልኀቱን አንነቅፍም፤ በልክ ከሆነ እንግዳውንም መስታወቱንም ያድናል። ሲበዛ ግን ግድግዳውና መስኮቱ እኩል ይበራሉ፤ ያን ጊዜ መስታወቱ የብርሃን ምንጭነቱ ቀርቶ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ኢቫንስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 በዌልስ ካቴድራል ያለውን የተበላ የድንጋይ ደረጃ ሲያነሣ፥ ከመስኮት የገባውን ብርሃን ብቻ ተጠቅሞ ጥላውን ጥላ አድርጎ ተወው። የደረጃው ድንጋይ እንደ ማዕበል የሚታየን ከዚያ ጥላ የተነሣ ነው።

የአፍሪካ አዳራሽ እድሳት ተደርጎለት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል፤ ስለዚህ አዳዲስ ፎቶግራፎች መነሣታቸው አይቀርም። ለማንሣት የሚሄድ ሰው ስስ ደመና ያለበትን ቀን ቢመርጥ፥ ቢፈቀድለት በአቅራቢያው ያሉትን አምፑሎች ቢያስጠፋ፥ ካሜራውን በሦስት እግር ላይ አቁሞ ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን ቢያስገባለት ደስ ይለናል። ፍላሹንስ እቤቱ ትቶት ይሂድ።