የላንዲስ የብርጭቆ ቱቦ

በሰውነታችን ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ በካፒላሪዎች ውስጥ፣ ሁለት ኃይሎች ሌት ተቀን ይጓተታሉ። የደም ግፊት ውሃውን በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በደም ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች፣ በተለይ አልቡሚን፣ መልሰው ይስቡታል። እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ይህን በ1896 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ግን በአንዲት ካፒላሪ ላይ እንዴት ይለካል? ግድግዳዋ የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው፤ ውስጧም ከመጥበቡ የተነሣ ቀይ የደም ሕዋሳት አንድ በአንድ ተሰልፈው ያልፋሉ።

መልሱን በእጁ የሠራው አሜሪካዊው ዩጂን ላንዲስ ነው፤ በ1926 ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ጫፉ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሆነ የብርጭቆ ቱቦ ይዞ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ፣ የእንቁራሪትን አንጀት ደግፎ በያዘው ስስ ሽፋን ላይ ካለች አንዲት ካፒላሪ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ቀስ እያለ ይቀያይራል። ካነሰ ደሙ ወደ ቱቦው ይገባል፤ ከበዛ ከቱቦው ፈሳሽ ወደ ደሙ ይሄዳል። ሁለቱም ያልሆነበት ነጥብ የካፒላሪዋ ግፊት ነው። በ1930 ይህንኑ በሰው ጥፍር ሥር ባለው ቆዳ ላይ ደገመው፦ በደም ቅዳው በኩል 32፣ በደም መልሱ በኩል 12 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። የሰው ፕሮቲኖች የሚስቡበት ኃይል 25 ገደማ ነውና በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በ1927 ያወጣው ዘዴ ነው። ካፒላሪዋን በቀጭን መርፌ ጫን አድርጎ መንገዷን ይዘጋል። ደሙ ይቆማል፤ ቀይ ሕዋሳቱም ባሉበት ይቀራሉ። አሁን ዓይንን ከአንዷ ሕዋስ ላይ አለመንቀል ነው። ወደ መዝጊያው ከተጠጋች፣ በእሷና በመዝጊያው መካከል የነበረው ውሃ በግድግዳው ሾልኮ ወጥቷል። ከራቀች ውሃ ከውጭ ገብቷል። ፍጥነቷን መለካት ደግሞ የውሃውን ፍሰት መለካት ነው። ላንዲስ ውጤቶቹን በግፊት ልክ ሲደረድራቸው ቀጥ ያለ መስመር አካባቢ ተሰለፉ፤ ሕዋሷ ወዲህም ወዲያም የማትልበት ግፊት ደግሞ ከፕሮቲኖቹ ስበት ጋር ተቀራረበ። የስታርሊንግ ሐሳብ በዓይን ታየ።

ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሥዕሉን አርመውታል። የካፒላሪዋን ውስጥ የሚሸፍን ስስ የስኳርና የፕሮቲን ንጣፍ እንዳለ፣ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል የወጣውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሰውም በዋናነት ሊምፍ እንደሆነ አሳይተዋል። ይህን ሲያጠኑ ግን ብዙዎቹ የያዙት የላንዲስን ዘዴ ነበር።

ረጅም መንገድ ተቀምጠው ተጉዘው እግርዎ ካበጠ፣ የቅልጥምዎ አጥንት ላይ አውራ ጣትዎን ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርገው ያንሡ። የሚቀረው ጉድጓድ በደም ሥሩ ውስጥ ግፊት ሲጨምር ሾልኮ የወጣ ውሃ ምልክት ነው። ላንዲስ ይህንኑ ውሃ በአንዲት የደም ሕዋስ እርምጃ ለካው። የሚለካው ነገር ራሱ መለኪያ ሆኖ ሲገኝ፣ የሠራተኛው ጥበብ ከዚያ በላይ አይሄድም።