ዝምተኛው በዛብህ፣ ተናጋሪው ካሳ

ስለ ዝምታ አበው ሁለት ነገር ይላሉ። በአንድ ወገን «ዝም አይነቅዝም»፣ በሌላ ወገን ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል»። በወጣቶች ኅብረታችን ግን ሁለተኛው ብቻ የሚሠራ ይመስላል። መድረክ የማይፈራው፣ ጮክ ብሎ የሚጸልየው፣ ካገኘው ሁሉ ጋር የሚሳሳቀው ወጣት «በመንፈስ የተቃጠለ» ይባላል። ጥግ ይዞ የሚቀመጠው ደግሞ «ምን ሆነህ ነው? ቀዘቀዝህ እኮ» ይባላል። ለመሆኑ ደስታ የተግባቢ ሰው ድርሻ ብቻ ናት? ይህን ጥያቄ ይዘን አንድ የጎጃም ልብ ወለድ እንግለጥ።

ከመራዊ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ቡሬን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ማንኩሳን ያገኛል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ የማይችለውም ጭምር ሰማው። ብዙዎቻችን የምናውቀው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው። እኔ ግን ስለ ብቸኝነት የተጻፈ መጽሐፍ አድርጌም አነበዋለሁ።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ጠባይ በሁለት አቅጣጫ ከፈለ፤ ኃይሉን ከውስጡ የሚቀዳና ወደ ውጭ ተዘርግቶ የሚቀዳ። ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አንዱን ብቻ የሆነ ሰው አለ አላለም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ተግባቢዎች በአማካይ ደስታቸው ከፍ ያለ መሆኑን እንደሚናገሩ አሳይተዋል። አማካይ ግን ፍርድ አይደለም፤ በአንድ ሰው ላይ አይፈርድም። ለዚህ ሐዲስ የሳላቸውን ሰዎች እንይ።

በዛብህ ዝምተኛ ነው። ነገር ግን ዝምታው ሁሉ ተፈጥሮው ነውን? ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ገና በልጅነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል። ሳይጠየቅ የተገባለት ቃል ከእርሱ ጋር ያድጋል፤ ልቡ የሚፈልገውን ለመናገር በተነሣ ቁጥር ይህ ቃል አፉን ይይዘዋል። ሰብለ ወንጌልም ብቸኛ ናት፤ ብቸኝነቷ ግን ከጠባይዋ የመጣ አይደለም። የአባቷ የዘር ኩራት እኩያ ባል አሳጥቶ ከቤት አስቀርቷታል። ሁለቱንም «ዓይን አፋሮች ናቸው» ብሎ ማለፍ የታሰረን ሰው «መቀመጥ ይወዳል» እንደማለት ነው።

በሌላ ወገን ፊታውራሪ መሸሻ አሉ። ቤታቸው ከአሽከርና ከእንግዳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሆኖም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እውነቱን ሳይፈራ የሚነግራቸው ዘመዳቸው ካሳ ዳምጤ ነው፤ እርሱንም «ጉዱ» ብለው ወደ ዳር ገፍተውታል። ሰው ሞልቶ ወዳጅ የታጣበት ቤት ነው።

ካሳ ራሱ ከየትኛው ወገን ይመደብ? ሐሳቡን አይደብቅም፣ አይፈራም፤ ስለዚህ ዝምተኛ አይደለም። ነገር ግን ከጉባኤው ጋር አይስቅም፣ ብቻውን ያስባል። ያገሩ ሰው ይህን ጠባይ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላጣ ስድብ የመሰለ ስም አወጣለት። እዚህ ላይ ሐዲስን የምነቅፍበት ነገር አለኝ፤ የካሳ ረጃጅም ንግግሮች አንዳንድ ጊዜ ከሰው አፍ የወጡ ሳይሆን ከጋዜጣ ላይ የተነበቡ ይመስላሉ። ደራሲው ካሳን ማኅበረሰቡን እንዲተች ብዙ ዕድል ሲሰጠው ብቸኝነቱን እንዲናገር ግን እምብዛም አልፈቀደለትም። ያ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ይሰማው ነበር? አንባቢ ይህን ራሱ መገመት አለበት።

ቢሆንም መጽሐፉ ስለ ደስታ የሚያሳየን ግልጽ ነገር አለ። በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ወደ ፊታውራሪ ቤት ሲገባ ሁለቱም ጠባያቸውን አልለወጡም። እርሱ ጨዋታ አዋቂ አልሆነም፣ እርሷም ደጅ አልወጣችም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዳቸው የሚሰማቸው አንድ ሰው አገኙ። ለበዛብህ ካሳም እንዲሁ ነበረ። ሐዲስ ሦስቱንም በመጨረሻ በአንድ መቃብር ሲያሳርፋቸው፣ በሕይወት ሳሉ ሀገሩ የነፈጋቸውን ጉርብትና በሞት የሰጣቸው ይመስለኛል። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፤ ጉርብትናው ዘገየ።

በመጽሐፍ ቅዱስም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ኤልያስ በዋሻው «እኔ ብቻ ቀረሁ» በሚል ምሬት ሳለ እግዚአብሔር በለሰለሰ ድምፅ ተናገረው፤ ወደ ሕዝብ መካከል ገብቶ እንዲጨፍር አላዘዘውም፣ ኤልሳዕን ግን ሰጠው። ጌታችንም ገና ሳይነጋ ወደ ምድረ በዳ ብቻውን ሄዶ ይጸልይ ነበር፤ ሕዝቡ ሲፈልገው ደግሞ አልሸሸም። በአንዱ ሰው ውስጥ ሁለቱም ነበሩ።

ስለዚህ ውድ ወጣት፣ ዝምተኛ ከሆንህ ጠባይህን እንደ ኃጢአት አትናዘዝበት። ይልቅስ ራስህን መርምር፤ ዝምታህ ዕረፍት ነው ወይስ ፍርሃት? ዕረፍት ከሆነ ጠብቀው፤ ፍርሃት ከሆነ ለአንድ ለምታምነው ሰው ተናገር። ተጫዋች ከሆንሽም፣ እኅቴ፣ ጨዋታሽ ስጦታ ነው፤ ግን ከምትስቂባቸው ሰዎች መካከል ስታለቅሺ የሚያይሽ አለ? ኅብረታችንም ጥግ የያዘውን ወጣት ወደ መድረክ ከመጎተቱ በፊት አጠገቡ ሄዶ ይቀመጥ። ምናልባት የሚያስፈልገው ማይክሮፎን ሳይሆን ጆሮ ነው።