የኦክ አሊ ማደሪያና አትክልተኛው አንትዋን

በሰሜን አሜሪካ፣ በሉዊዚያና፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተንጣለለው ኦክ አሊ የሸንኮራ አገዳ ርስት ነበር። በ28 ዐምዶች የተከበበው የባለርስቱ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1839 በባሪያዎች ጉልበት ተገነባ። በ1925 እድሳት ተጀመረለት፤ ዛሬ በግቢው የሚገኙ ቆየት ያሉ ትናንሽ ቤቶች ለእንግዳ ማደሪያነት ይከራያሉ። በሁለት ረድፍ የቆሙት 28 የኦክ ዛፎች ውበት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልብ ይሰርቃል።

ነገር ግን የግቢው ታላቅ ጥበበኛ ባለርስቱ አልነበረም። አንትዋን የተባለው ባሪያ አትክልተኛ በ1840ዎቹ ከምርጥ የፒካን ዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጠ በ16 ሌሎች ዛፎች ላይ አዳቅሎ አጸደቀ። ከእጁ የወጣው ዝርያ በ1876 በፊላዴልፊያው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲሸለም፣ ሽልማቱ የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው። የእርሱ ስም የሰፈረው በባለርስቱ የንብረት መዝገብ ላይ፣ ከነዋጋው ነው።

እድሳቱ አስቀድሞ ያዳነው ሳሎኑን ነው። የባሪያዎቹ መኖሪያ ግን ፈርሶ ስለ ነበር፣ ዛሬ የሚታዩት ስድስት ጎጆዎች ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ አዲስ የተሠሩ ናቸው። የባሪያዎቹ ስም በዚያ መጻፉ ይመሰገናል። በዚያው አካባቢ በ2014 ለሕዝብ የተከፈተው የዊትኒ ሙዚየም ግን ከመነሻው ቅድሚያውን የሰጠው ለባሪያዎቹ ሕይወት ነው። በኦክ አሊ ለሚያድረው እንግዳስ ስለ አልጋውና ስለ ቁርሱ ከመነገሩ በፊት ስለ አንትዋን ቢነገረው፣ ከዕረፍቱ ምን ይጎድልበታል?