መሬት የያዘው ነጥብ

የኒዮን ማስታወቂያ ትራንስፎርመር 15,000 ቮልት ያወጣል። የጥቅልሉ መሃል ከመሬት ጋር ከታሰረ ግን ሁለቱ ጫፎች ከመሬት የሚኖራቸው ልዩነት 7,500 ቮልት ብቻ ነው፤ የሽቦው ሽፋንም የሚችለው ግማሹን ጫና ይሆናል። አንድ ቀጭን ሽቦ ይህን ያህል ማቅለሉ በእውነት የሚደነቅ ነው።

ያው ብልሃት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ላይ ገዝፎ ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ በሚነሳው መስመር በሁለት ፌዞች (ኤሌክትሪክ በሚሸከሙ ሽቦዎች) መካከል 500,000 ቮልት አለ፤ የሦስቱ ፌዞች የጋራ ነጥብ ከመሬት ጋር ስለታሰረ ግን እያንዳንዱ ፌዝ ከመሬት ያለው ልዩነት 289,000 ቮልት ገደማ ነው።

አሶሳ ከተማ ውስጥ ቁጥሩ በፌዞች መካከል ወደ 380፣ ከፌዝ እስከ ኒውትራል (ከጋራው ነጥብ የሚነሳው ሽቦ) ደግሞ ወደ 220 ቮልት ይወርዳል፤ ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየውም እዚህ ነው። ኒውትራሉ ከተበጠሰ ሚዛኑ ይፋለሳል፦ የአንዱ ቤት አምፖል ቦግ ብሎ ይቃጠላል፣ የጎረቤቱ ይደበዝዛል፣ ማቀዝቀዣም ይበላሻል። ሚዛኑን የሚያጸናው ኒውትራሉ ነው፤ እርሱን ከመሬት ጋር የሚያስረው ደግሞ ከትራንስፎርመሩ በምሰሶው ወርዶ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር የሚገናኘው የመዳብ ሽቦ ነው። ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ፣ ዘንጉ በበጋም እርጥበት እስከማይጠፋበት ጥልቀት መድረስ አለበት።