የጅቡ ጉትቻ

ሥነ ቃል ይሰብሰብ፣ ለሕፃናትም ይድረስ ሲባል እኛም እጃችንን እናወጣለን። ግን የማን ሥነ ቃል?

ከሐሙሲት በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ከደረሱ ጋፋት ቅርብ ነው። ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ተጎተተ። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ስለዚያ ዘመን ጽፈዋል። የሁለቱም ማዕከል ንጉሡ ነው። አፈሩን ቆፍሮ፣ በከሰል አቅልጦ፣ ወናፍ እየነፋ ለገበሬው ማረሻ ያወጣለት ቀጥቃጭስ?

እሱማ በተረታችን ውስጥ አለ፤ ያለው ግን ጅብ ሆኖ ነው። ሌሊት የሚለወጠው ጠይብ፣ ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ፣ «ቡዳው»። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ እሳት ዳር አልደረሰም መሰል!

ተረት ነው፣ ምን አለበት? የሚሉ አሉ። ለእኛ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አባቱ በሐሙስ ገበያ ማጭድ የሚሸጥ ልጅ እኮ ከዚያው ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጧል። ጓደኞቹ ሲስቁ እሱ ምን ይሁን? አብሮ ይሳቅ?

ተረቱ ይቃጠል አንልም። ቆርጦ ማሳመርም ውሸት ነው። እንደ ተነገረ ይመዝገብ፤ ተራኪው ገበሬ ይሁን ቀጥቃጭ ግን ከጎኑ ይጻፍ። ለልጆች ከመነበቡም በፊት ወናፍ ነፊው ቤት ተሂዶ ዘፈኑ ይጠየቅ፤ ስለ ገበሬው እሱ የሚያወራው ተረትም ጭምር።