ሰዓቱ ከየት ይጀምራል? ስለ ሮርክስ ድሪፍት ሞዴሎችና ዳግም ትዕይንቶች

እንግሊዞችና ዙሉዎች በደቡብ አፍሪካ የተዋጉበትን የሮርክስ ድሪፍት ውጊያ በሞዴል ሊሠራ የተነሣ ሰው ከሁሉ በፊት ጆንያ ያበዛል። ጥፍር የሚያህል የበቆሎ ጆንያ በመቶ እየቆጠረ ያድቦለቡልና ይደረድራል፤ ከጆንያው ቀጥሎ የብስኩት ሣጥን፣ ከሣጥኑ ቀጥሎ የሣር ክዳን ያለው ሆስፒታል፣ ከዚያ ወዲያ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ይከተላል። ወታደሮቹ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ነው። የ24ኛው እግረኛ ሬጅመንት ቀይ ኮት አንገትጌና የእጅጌ ጫፍ አረንጓዴ መሆኑን ሠሪው ያውቃል። ነጩ የራስ ቁር ከሩቅ እንዳይታይ ወታደሮቹ በሻይ ያደበዝዙት እንደነበርም ያውቃል፤ ባያውቅ የሚያርመው አያጣም። በዚህ ሙያ ውስጥ የቁልፍ ስሕተት ይቅር አይባልም።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከቁልፉ በላይ ያለውን ይመለከታል። ለአዝራርና ለጆንያ ይህን ያህል የሚጨነቅ ጥበብ ጊዜን ሲይዝ ለምን እጁ ይላላል? የቅኝ ግዛት ጠረፍ ጦርነትን በሞዴልም ሆነ በዳግም ትዕይንት የሚያቀርብ ሰው አድልዎ በልብሱ ላይ እምብዛም አይገኝም። አድልዎው ያለው ሰዓቱን ከየት አስነሥቶ የት ላይ እንዳቆመው ነው።

የሮርክስ ድሪፍት ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1879 ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዙሉዎቹ ከሺያኔ ኮረብታ ጀርባ ብቅ ሲሉ ነው። 150 ያህል ሰው፣ ብዙ ሕሙማን ያሉበት፣ በዳቡላማንዚ ካምፓንዴ የተመሩ ከ3,000 እስከ 4,000 የሚደርሱ ተዋጊዎችን ሌሊቱን ሙሉ መክቶ አደረ። 11 ሰዎች የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ። ከዚህ ሰዓት የጀመረ ተመልካች የሚያየው የተከበበ ቤት ነው፤ ለተከበበ ደግሞ ማንም ያዝናል።

ሰዓቱን ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ብንመልሰውስ? እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 1878 በቱጌላ ወንዝ ዳር፣ በሾላ ዛፍ ሥር፣ የእንግሊዝ ሹማምንት ለንጉሥ ሴትሽዋዮ መልእክተኞች የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አነበቡ። ዋናው ጥያቄ የዙሉ መንግሥት የቆመበትን የጦር አደረጃጀት እንዲበትን ነበር፤ የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን። ይህን የእንግሊዙ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሰር ባርትል ፍሬር እንዲፈጸም ሳይሆን እንዳይፈጸም አድርጎ እንዳዘጋጀው ዛሬ የሚከራከር ጥቂት ነው። ቀኑ ሲያልቅ የእንግሊዙ አዝማች የሎርድ ቼልምስፎርድ ጦር ድንበሩን ተሻገረ። ስለዚህ ከበባውን ያመጣው ወራሪው ራሱ ነው። ትዕይንቱ ግን ከሾላው ሥር አይጀምርም፤ እዚያ ጥይት አልተተኮሰምና ለጠረጴዛ አይመችም።

በዚያው ጥር 22 ቀን እኩለ ቀን ገደማ፣ ከሮርክስ ድሪፍት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኢሳንድልዋና ተራራ ግርጌ፣ 20,000 የሚሆን የዙሉ ሠራዊት በንትሺንግዋዮ አዝማችነት የቼልምስፎርድን ሰፈር ደምስሶት ነበር። ከወራሪው ወገን ከ1,300 በላይ ሰው ወደቀ። ሁለቱ ውጊያዎች የአንድ ቀን ልጆች ናቸው፤ በእንግሊዝ ሕዝብ ትዝታ ግን ታናሹ ታላቁን ሸፈነው። ሽንፈቱን ለማስረሳት ድሉ ተጋነነ፤ መጋነኑም ቶሎ ወደ ትዕይንት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1880 ሠዓሊዋ ሌዲ በትለር የሮርክስ ድሪፍትን መከላከል ስትሥል ከውጊያው የተመለሱት ወታደሮች ራሳቸው ያደረጉትን ደግመው በፊቷ አሳዩ። የመጀመሪያው ዳግም ትዕይንት ይህ ነው ማለት ይቻላል። በሥዕሉ መካከል ብርሃን ያረፈባቸው እንግሊዛውያን አሉ፤ ዙሉዎቹ ከጨለማው ዳር ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ንግድ ሆነ። ፍራንክ ፊሊስ የተባለ የሰርከስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 «አረመኔዋ ደቡብ አፍሪካ» የሚል ትዕይንት ይዞ ለንደን ገባ፤ ከደቡባዊ አፍሪካ የወሰዳቸውን ሰዎች አሰልፎ ከስድስት ዓመት በፊት በማታቤሌ ምድር የሆነውን የሻንጋኒ ውጊያ ያሳይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በፋሎ ቢል የመኮንኑን የኩስተርን ሞት በየከተማው ያስደግም ነበር፤ የላኮታው መሪ ሲቲንግ ቡልም እ.ኤ.አ. በ1885 ከጓዱ ጋር ዞሯል። ይበልጥ የሚከብደው እ.ኤ.አ. በ1891 የሆነው ነው። ከውንድድ ኒ ጭፍጨፋ በኋላ የታሰሩ የላኮታ ሰዎች፣ ኪኪንግ ቤርና ሾርት ቡል የሚገኙባቸው፣ ከእስር ወጥተው ከዚሁ ትዕይንት ጋር ወደ አውሮፓ ተላኩ። ምርጫቸው እስር ቤት ወይም መድረክ ነበር። ተሸናፊውን በገዛ ሽንፈቱ ማስተወን የድል ሌላው ገጽ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ሞዴሉ ከዚህ ንጹሕ ይመስላል፤ እርሳስና ፕላስቲክ አይታሰርም። ሆኖም ሞዴሉ ለጨዋታ ሲውል ሕግ ይወጣለታል፤ ሕጉ ውስጥም ፍርድ አለ። አሜሪካዊው ላሪ ብሮም እ.ኤ.አ. በ1979፣ በውጊያው መቶኛ ዓመት፣ ያወጣው «ሰይፉና ነበልባሉ» የቅኝ ዘመን ጦርነት ጨዋታዎች ሁሉ አባት ሆኖ ይቆጠራል። የተራው ዕጣ በካርታ ይወጣል፦ ቀይ ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር፣ ጥቁር ለአገሬው ሰው። ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ ስለማይታወቅ ጨዋታው ልብ ይሰቅላል፤ ይህን ብልኃት አደንቃለሁ። ነገር ግን በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚሠራበትን ልማድ እንይ። የእንግሊዙ መኮንን ስም አለው፤ ቻርድ ነው፣ ብሮምሄድ ነው። ዙሉው በቁጥር ይመጣል። ሠሪው 4,000 ዙሉ መሳል ስለማይችል የወደቀው ምስል ከጠረጴዛው ጫፍ ተነሥቶ እንደገና እንዲዘምት ይደረጋል። ይህ የቦታና የቀለም እጥረት የወለደው መላ ነው፤ ሆኖም ለተጫዋቹ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፦ እነዚህ ሰዎች አያልቁም፣ ስለዚህ አንዱ ከሌላው አይለይም።

ሮርክስ ድሪፍትን ያጠቁት ግን የሚለዩ ሰዎች ነበሩ። ኡቱልዋና የተባለው ክፍል አባላት ዕድሜያቸው 45 ገደማ የሆነ፣ ያገቡ፣ የራስ ቀለበት ያሰሩ፣ ነጭ ጋሻ የያዙ ጎልማሶች ነበሩ። ሴትሽዋዮ ራሱ በወጣትነቱ የዚህ ክፍል አባል ነበር። በኢሳንድልዋና ተጠባባቂ ሆነው ስለቆዩ ከዋናው ውጊያ አልደረሱም፤ ባዶ እጅ ላለመመለስ ንጉሡ ድንበር እንዳይሻገሩ የሰጠውን ትእዛዝ ጥሰው የድንበሩን ወንዝ ተሻገሩ። ክብር ፍለጋ ትእዛዝ የጣሰ የአርባ አምስት ዓመት አባወራ፦ ይህ ለልብ ወለድ የሚበቃ ሰው ነው። በሳጥን የሚሸጠው ዙሉ ግን ብዙ ጊዜ ጎረምሳ ነው፤ ለበዓል እንጂ ለጦርነት የማይለብሱትን ላባና ጭራ ተከናንቦ ይሮጣል። ለእንግሊዙ የአንገትጌ ቀለም የሚደረገው ጥንቃቄ ለዙሉው ዕድሜ አይደረግም።

ላባው የመጣው በአብዛኛው ከሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው «ዙሉ» ፊልም በጦርነቱ ሥፍራ ሳይሆን በድራከንስበርግ ተራሮች የተቀረጸ ሲሆን፣ በመጨረሻው ዙሉዎቹ ለጠላቶቻቸው ጀግንነት ሰላምታ ሰጥተው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ሰላምታ አልነበረም። ቢሆንም በዚያው ፊልም ውስጥ ሞዴል ሊሠራው የማይችል ነገር ሆኗል። ሴትሽዋዮን ሆኖ የተወነው ማንጎሱቱ ቡተሌዚ ነው፤ ሴትሽዋዮ ደግሞ በእናቱ በኩል ቅድመ አያቱ ነበር። የሥጋ ዘመድ ሲቆም «አገሬው ሰው» የሚለው የወል ስም ይፈርሳል።

በየዓመቱ በጥር ኢሳንድልዋና ግርጌ በሚደረገው ዳግም ትዕይንት የማየው ዋጋም ይኸው ነው። ቀይ ኮቱን የሚለብሱት «ዳንዲ ዳይሃርድስ» የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ናቸው፤ ዙሉ ሆነው የሚወጡት ዙሉዎች ናቸው። ሮርክስ ድሪፍትን ክዋጂሙ ይሉታል፤ የጂም ቤት ማለት ነው፣ እዚያ ይነግድ በነበረው በጄምስ ሮርክ ስም። ኢሳንድልዋና ሜዳ ላይ የእንግሊዞቹ መቃብር በኖራ የተቀባ የድንጋይ ክምር ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ለወደቁት ዙሉዎች መታሰቢያ የቆመው 120 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፦ ለጀግና የሚሰጥ የአንገት ጌጥ በነሐስ። በትዕይንቱ ሰዓት በዚህ ሐውልትና በነጩ ክምር መካከል የሚሮጠው ሰው በካርታ ዕጣ የሚወጣ ቁጥር አይደለም።

ይህን ሁሉ ከሩቅ ሆኖ መተቸት ለእኛ ቀላል ነው፤ የተሸነፍንበት ጠረጴዛ አይደለምና። ነገር ግን ከጠረጴዛው ላይ እኛም ነበርን። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ የእንግሊዙ ብሪቴንስ ኩባንያ የጣሊያን እግረኛ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛና «የአቢሲኒያ ነገደኞች» የሚል ስም የሰጣቸውን ባለጠመንጃዎች በእርሳስ ሠርቶ ለልጆች ሸጧል። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ መጫወቻው ገበያ ላይ ነበር።

የራሳችን ዳግም ትዕይንትም ረጅም ዕድሜ አለው። ጉግስ የፈረሰኛ ውጊያ ጨዋታ ነው። ፎካሪው ከአለቃው ፊት ወጥቶ፣ ጎፈሩን ነስንሶ፣ የገደለበትን በቃልና በእግር ደግሞ ሲያሳይ የሚያደርገው ሌዲ በትለር ፊት ወታደሮቹ ካደረጉት ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ፎካሪው ራሱ ባለታሪክም ሠዓሊም መሆኑ ነው። የዓድዋ ሥዕሎች ደግሞ ለሞዴል በጣም ይቀርባሉ። ሁለቱ ሠራዊት ፊት ለፊት ተሰልፎ፣ ምኒልክ ከጥላው ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፤ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ክፉ ሰው በጎን ስለሚሣል ጣሊያኑ አንድ ዓይን ብቻ ይዞ ይቆማል። የእንግሊዙ ሠዓሊ ባላጋራውን በጨለማ ሲያስቀር የእኛው በጎን አዙሮታል። ሁለቱም ፊቱን ነስተውታል።

ሰዓቱንስ የት ነው የምናቆመው? የካቲት 23 ቀን አደባባይ የሚወጣው ሰው የአርበኛውን ጎፈርና ጋሻ ይለብሳል፤ መልበሱም ተገቢ ነው። የአስካሪን ቀይ ቆብ አድርጎ የወጣ ግን አላየሁም። በጣሊያን ሠራዊት ተሰልፈው ዓድዋ ላይ ከተማረኩት ኤርትራውያን አስካሪዎች በመቶ የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆርጠዋል። ይህ በ1888 ዓ.ም. የሆነ ነው፤ ነጮቹ ምርኮኞች ሸዋ ድረስ ተወስደው በውል ሲመለሱ የእነዚህ ዕጣ ይህ ነበር። ትዕይንታችን ከዚያ አስቀድሞ፣ በዕልልታው ላይ ይቆማል። የድሉ ፍትሐዊነት ከዚህ የተነሣ አይቀንስም። ግን የሮርክስ ድሪፍቱን ሠሪ ሰዓቱን ለምን እዚያ ላይ አቆምከው ብለን የምንጠይቅ ከሆነ፣ ጥያቄው ከእኛም አደባባይ ያልፋል።

ወደ እሱ ጠረጴዛ ልመለስ። አብዛኛው የሮርክስ ድሪፍት ሞዴል የሚቆመው በሌሊቱ ነው፤ የሆስፒታሉ ክዳን ሲነድ በቀይ ቀለምና በጥጥ ጭስ ያምራል። ጥር 23 ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ የቼልምስፎርድ ጦር ደረሰ። ከጆንያው ውጭ 350 ያህል የዙሉ ሬሳ ተቆጠረ፤ ቆስለው ሜዳው ላይ የቀሩት በሳንጃና በሰደፍ ተገደሉ። ሆራስ ስሚዝ ዶሪየን የተባለ ወጣት መኮንን ጠፍር ለመወጠሪያ ያስቆመው የእንጨት መስቀያ ነበረው። ሲመለስ ሁለት ዙሉዎች ተሰቅለውበት አገኘ፤ ይህን የጻፈው ራሱ ነው። መስቀያው በልኩ ቢሠራ ከሁለት የክብሪት እንጨትና ከአንድ አግዳሚ አይበልጥም። ጆንያውን በመቶ የቆጠረ እጅ አንድ ምሽት አይፈጅበትም።